ሰባት ዓመት ለአንድ ክንድ፦ የስትራስበርግ ውል ይገባ ነበር?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። የዋሽንግተኑን ናሽናልስ ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ወደዚህ ከተማ ከመጣ ጀምሮ እከታተላለሁ (ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቤዝቦልን መጀመሪያ ያየሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትርፍ ትኬት ስለነበረው ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ምን እየተካሄደ እንዳለ ሳይገባኝ ተቀመጥኩ። ዓይኔን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በሜዳው መካከል ካለችው የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን የሚወረውረው። እሱ እጁን እስኪያነሳ ድረስ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወርዋሪዎች ወዳጅ ሆኜ ቀረሁ። ዛሬ የምጽፈውም ስለምወዳቸው ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ታላቅ ወርዋሪ ከክለቡ ነፃ ሲወጣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት የሚዘልቅ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ውል ሊሰጠው ይገባል? እኔ አይገባም እላለሁ። ከአራት ዓመት ማለፍ የለበትም። ማስረጃዬም የገዛ ቡድኔ ነው። ወርዋሪያችን ስቴፈን ስትራስበርግ በ2019 ለዋሽንግተን የመጀመሪያውን የወርልድ ሲሪስ (የሊጉ የፍጻሜ ውድድር) ዋንጫ ከ1924 ወዲህ አመጣ፤ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ክለቡ የሰባት ዓመት ውል በ245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። ዕድሜው 31 ነበር። ከፊርማው በኋላ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ነው። ያሸነፈው አንድ ነው። በሰኔ 2022 ማያሚ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ወረወረ፤ በ2024 መሰናበቱ ተገለጸ። በአሜሪካ ቤዝቦል ውል ዋስትና ስላለው ገንዘቡ ተጫወተም አልተጫወተም ይከፈላል። እርግጥ ከፊሉን ኢንሹራንስ ሸፍኖታል፤ የቀረው ግን ቡድኑን ለዓመታት አደኸየው። ሐሳባችሁን ስጡኝ።

የመጡት መልሶች

ውይይቱ ስለረዘመ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀልለው፣ መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አገላለጽ አስቀምጫለሁ። አንዳንዶቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ የነኩኝን ግን በዝርዝር ጽፌአለሁ።

1ኛው መልስ ሰጪ በትሕትና ተስማማ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የጻፈው። እንደ ስትራስበርግ ሁሉ የፓትሪክ ኮርቢንንም ታሪክ አስታወሰ፤ በ2018 መጨረሻ ስድስት ዓመት በ140 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ፣ በ2019 የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ አሸናፊ ወርዋሪ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ግን በተከታታይ ዓመታት በሽንፈት ብዛት ከሊጉ ፊት የተሰለፈውን። ስለ አንዲት ሌሊት ሦስት ኢኒንግ (ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት የጨዋታው አንድ ክፍል ነው) ስድስት ዓመት መክፈል ይከብዳል የሚል ነበር ሐሳቡ። ይህን ሲጽፍ እንኳ ኮርቢንን ሳያመሰግን አላለፈም።

2ኛው መልስ የመጣው ከአንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት በናሽናልስ ፓርክ አቅራቢያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተዋል። ስለ ውሉ አንድም ቃል ሳይናገሩ ስለ ሰኔ 8 ቀን 2010 ጻፉ፤ ስትራስበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ሊግ ስለወረወረባት ምሽት። መኪኖቹ ገብተው ካለቁ በኋላ መጋረጃ በሌላት ትንሽ የቲኬት ክፍላቸው ተቀምጠው ነበር። ሬዲዮ አልነበራቸውም። ነገር ግን ከስታዲየሙ የሚወጣው ድምፅ በየጥቂት ደቂቃው እየተነሳ ስለሚወድቅ በቲኬት ጉርድ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እየጫሩ ቆጠሩ። ወደ መጨረሻው ድምፁ ሳይወርድ ቀረ ይላሉ። እውነትም ስትራስበርግ ያን ሌሊት የፒትስበርግን 14 መቺዎች በስትራይክ፣ ማለትም ኳሷን መምታት አቅቷቸው፣ ሲያወጣ፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት በተከታታይ ነበር። ማንንም በነፃ ወደ ቤዝ አላሳለፈም። እኚህ ሰው ጨዋታውን አላዩትም፤ ከዚያ በኋላ ግን የወርዋሪውን ስም አልረሱም።

3ኛዋ ሜሪላንድ የምትኖር የሒሳብ ባለሙያ ናት። ስሌቱን በቅንነት አስቀመጠችው። ከፊርማው በኋላ የወረወረው 31 ኢኒንግ ከሲሶ ነው፤ 245 ሚሊዮኑን ስታካፍለው ለአንድ ኢኒንግ ሰባት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ገደማ ይደርሳል። ይህ አስደንጋጭ ነው አለች። ነገር ግን ስሌቱን ከ2020 መጀመር ስህተት እንደሆነ ጨመረች። በ2019 ስትራስበርግ በመደበኛው ወቅት 209 ኢኒንግ ወርውሮ 18 ጨዋታ አሸንፏል። በድኅረ ወቅቱ ውድድር አምስት አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ከዚያ በፊት በነበረው ውሉ የቀረውን አራት ዓመትና 100 ሚሊዮን ዶላር ትቶ የወጣውም ያን ካደረገ በኋላ ነው። ክንዱ የተበላው በዚያ ዓመት ከሆነ፣ ዋንጫው የእኛ ሆኖ ዕዳው የእሱ ብቻ እንዴት ይሆናል የሚለው ጥያቄዋ እስካሁን ከራሴ ጋር እያከራከረኝ ነው።

4ኛው አረመኝ። ስለ ኢንሹራንስ የጻፍኩት ትክክል አይደለም፤ የስትራስበርግ ውል ኢንሹራንስ እንዳልተገባለት በወቅቱ ጋዜጦች ዘግበዋል። ምክንያቱንም አብራራ። ክርኑ ቀድሞ የተቀደደ ወርዋሪን የሚሸፍን ድርጅት ብዙ ጊዜ ያንኑ የተጎዳውን አካል ከውሉ ያስወጣል፤ ካላስወጣም አረቦኑን ከክለቡ አቅም በላይ ያደርገዋል። እርማቱን ተቀብዬ አመሰገንኩ። መነሻ ጽሑፌን ግን እንዳለ ተውኩት፤ ካስተካከልኩት የሚቀጥሉት መልሶች ትርጉም ያጣሉ።

5ኛው ከሁሉ ረጅሙ ነው። ጸሐፊው ታሪክ ዐዋቂ መሆኑ ያስታውቃል፤ ለ3ኛዋም ድጋፍ ሆኖ መጣ። ነፃ ተጫዋች የሚባለው ነገር ራሱ ከየት እንደመጣ ካላወቅን ስለ ዋጋው መናገር አንችልም አለ። ከ1970ዎቹ በፊት አንድ ተጫዋች ክለቡ እስከፈለገው ድረስ የክለቡ ንብረት ነበር። ከርት ፍለድ ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላዴልፊያ አልሸጥም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ፤ በ1972 ተረታ። በሩን የከፈቱት ወርዋሪዎች ናቸው። ካትፊሽ ሀንተር የኦክላንዱ ክለብ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ በውሉ የተስማሙበትን ክፍያ በጊዜው ስላልፈጸሙ ገላጋይ ዳኛው ፒተር ሳይትስ ነፃ አወጡት፤ በ1974 የመጨረሻ ቀን ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ለአምስት ዓመት ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ያው ዳኛ ለአንዲ መስርስሚዝና ለዴቭ መክናሊ ፈረዱ። የቀድሞው ሥርዓት ያን ቀን ተሰበረ።

ከዚያ የሀንተርን ክንድ ተከተለ፤ ይህንን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ1975 ለያንኪስ 328 ኢኒንግ ወረወረ። ሠላሳ ጨዋታ ያለ ረዳት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨረሰ። ዛሬ አንድ መልካም ወርዋሪ በዓመት 180 ኢኒንግ ከደረሰ ይደነቃል። ሀንተር ግን ውሉ በ1979 ሲያልቅ ገና 33 ዓመቱ ሳለ ጓንቱን ሰቀለ። ቡድኑ በመሐሉ ሁለት ጊዜ የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ ወስዷል። ጸሐፊው የጠየቀው፣ ያንኪስ ከሰረ ሊል የሚደፍር ሰው ካለ እንዲነሳ ነው። እኔ አልተነሳሁም።

6ኛው በአጭሩ ለ5ኛው መለሰ። የዌይን ጋርላንድ ስም ለምን እንደተዘለለ ጠየቀ። ጋርላንድ በ1976 ለባልቲሞር 20 ጨዋታ አሸንፎ ነፃ በወጡት በዚያ የመጀመሪያ ዙር ተጫዋቾች ውስጥ ነበር፤ ክሊቭላንድ አሥር ዓመት በ2.3 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ገና የመጀመሪያውን ልምምድ ሲጀምር ትከሻው ተጎዳ። ያም ሆኖ የተከፈለኝን ላገልግል ብሎ በ1977 ከ280 ኢኒንግ በላይ ወረወረ፣ 19 ጨዋታ ተሸነፈ፣ በቀጣዩ ዓመት ለቀዶ ሕክምና ተኛ። አሥሩን ዓመት አልጨረሰም። ከኔ አቋም ጋር የሚሄድ መልስ ነው፤ ሳነበው ግን ደስ አላለኝም። ሰውየው ከውሉ ክብደት የተነሣ በታመመ ትከሻ መወርወሩ ውሉ ከሚያስከፍለው ገንዘብ ይልቅ ያሳስባል።

7ኛው ከዴንቨር ነው፤ እዚህ ላይ የውይይቱ ድምፅ ከረር ማለት ጀመረ። የኮሎራዶ ሮኪስ ክለብ በ2000 መጨረሻ ለማይክ ሃምፕተን ስምንት ዓመት በ121 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ሃምፕተን ሁለት ወቅት ብቻ ተጫውቶ ወደ ሌላ ክለብ ተላከ። በኋላም በጉዳት የተነሣ 2006ንና 2007ን ሙሉ አልወረወረም። ሕመምተኛ የምታነሳ ነርስና ልጅ የምታስተምር መምህርት የቤት ኪራይ እያስጨነቃቸው እንዲህ ያለ ገንዘብ መወራቱ ነውር ነው ብሎ ደመደመ።

8ኛውና 9ኛው ከርዕሱ ወጡ፤ ግን በጎ አወጣጥ ነው። 8ኛው ሃምፕተንን ያጠፋው ክንዱ ሳይሆን የዴንቨር ከፍታ ነው አለ፤ ከተማዋ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች በሳሳው አየር ውስጥ የምትሽከረከር ኳስ እንደሚገባው አትጠመዝዝም፣ የተመታችው ደግሞ ርቃ ትሄዳለች። 9ኛዋ ተቀብላ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አስታወሰችና እዚያ ቤዝቦል ቢጫወቱ ወርዋሪ ሁሉ ያለቅስ ነበር አለች። ከዚያ አምስት ሰዎች ስለ ኳስ፣ ስለ አየርና ስለ ልጅነታቸው ሜዳ ተጫወቱ። ቁጥራቸውን አልጠራም፤ አንዱ ስለ እግር ኳስ ሲጀምር 15ኛው መልሶ ወደ ጉዳዩ አመጣን።

15ኛው ሲያትል የሚኖር ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው። የውሉ ርዝመት ሳይሆን የውሉ አጻጻፍ ነው ቁም ነገሩ አለ። ጆን ላኪ ለቦስተን ሲፈርም፣ ክርኑ ላይ ባለ ቀድሞ በታወቀ ጉዳት ምክንያት ረጅም ጊዜ ከቀረ ክለቡ አንድ ተጨማሪ ዓመት በሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲያጫውተው የሚያስችል አንቀጽ ገባ። ላኪ የክርን ቀዶ ሕክምና አድርጎ 2012ን ሙሉ ቀረ፤ አንቀጹም ተፈጻሚ ሆነ። በ2015 በሴንት ሉዊስ ማልያ ሲወረውር ደመወዙ 507,500 ዶላር ብቻ ነበር። ሲያትልም በ2013 ለፌሊክስ ሄርናንዴዝ ሰባት ዓመት በ175 ሚሊዮን ዶላር ስትሰጥ ተመሳሳይ አንቀጽ አስገብታለች፤ ክርኑ ከተጎዳ አንድ ዓመት በአንድ ሚሊዮን። ስለዚህ ክለቦቹ ሕፃናት አይደሉም፣ ጠበቃም ሐኪምም አላቸው፣ የፈረሙትን ዐውቀው ነው የፈረሙት ሲል ዘጋው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለባለቤቶቹ ማዘን አልነበረብኝም።

16ኛው ሎስ አንጀለስ ያለ ወጣት ነው። የያማሞቶን ስም ይዞ መጣና በቀጥታ እኔ ላይ ዞረ። የከተማው ክለብ ዶጀርስ በታኅሣሥ 2023 ለጃፓናዊው ወርዋሪ ለዮሺኖቡ ያማሞቶ 12 ዓመት በ325 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ልጁ በአሜሪካ ትልቁ ሊግ አንዲት ኳስ እንኳ አልወረወረም ነበር። በእኔ ሕግ ቢሆን ኖሮ ይህ ውል አይኖርም። ከዚያም የ2025ን ፍጻሜ ተረከ፤ ቶሮንቶ ላይ በስድስተኛው ጨዋታ 96 ኳስ ወርውሮ ያሸነፈው ያማሞቶ በማግስቱ በሰባተኛው ጨዋታ እንደገና ተነሥቶ ሁለት ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ መወርወሩን፣ ጨዋታው በ11ኛው ኢኒንግ 5 ለ 4 ማለቁን፣ ኮከብ ተጫዋች መባሉን። የእኔን ሐሳብ የድሃ ሰው ፍርሃት ብሎ ጠራው።

እኔም መለስኩ፤ 17ኛው የእኔ ነው። ያን ሌሊት እኔም እስከ እኩለ ሌሊት ቆሜ አይቻለሁ፤ በሕይወቴ ካየኋቸው የመወርወር ምሽቶች ሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን ያማሞቶ ሲፈርም 25 ዓመቱ ነበር፤ ስትራስበርግ 31። በ2024ም በትከሻው ጉዳት ሦስት ወር ገደማ ቀርቷል። ውሉ የሚያልቀው በ2035 ነው። ሁለት ዓመት አይተን አሥራ ሁለቱን አንመርቅ አልኩ።

18ኛው ኳስ ጨብጬ የማላውቅ ሰው መሆኔ ከአጻጻፌ ያስታውቃል አለ። 19ኛው እሱን ተሳደበ። 20ኛው ሁለቱንም ተቆጣ። እነዚህን መልሶች እዚህ መድገም አያስፈልግም። ለ18ኛው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነት ነው፣ ቤዝቦል ተጫውቼ አላውቅም። ኳሷን ግን ይዣታለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ አለች፤ ቀዩን ስፌት በጣቴ ስዳስሰው በዚያች ትንሽ ስፌት ላይ ሙሉ ክንድ እንደሚንጠለጠል ይሰማኛል።

21ኛዋ ክርክሩን በአንድ ጊዜ አበረደችው። በአካል ማገገሚያ ክሊኒክ የምትሠራ ናት። ስትራስበርግን ያቆመው ክርኑ እንዳልሆነ አስረዳች። የክርኑን ጅማት በ2010 ክረምት ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ ቶሚ ጆን በሚባለው ሕክምና ተፈውሶ ዘጠኝ ዓመት ወርውሯል። ይህ ሕክምና ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ በቶሚ ጆን ላይ የሠሩት ነው። ጆን ከዚያ በኋላ 164 ጨዋታ አሸንፎ እስከ 1989 ድረስ ቆይቷል። ከሌላ ቦታ የተወሰደ ጅማት በክርን አጥንት ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ እየተሳበ ይታሰራል፤ ወርዋሪው ለመመለስ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። በስትራስበርግ ላይ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። በአንገትና በመጀመሪያዋ የጎድን አጥንት መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ። እጅ ይደነዝዛል፣ ይዝላል። በ2021 የጎድን አጥንት አወጡለት። ከዚህ ሕክምና በኋላ እንደ ቀድሞው የወረወሩ ወርዋሪዎች ጥቂት ናቸው። ሴትየዋ ታካሚዎቿ ስለሆኑ ሠራተኞችም ጻፈች፤ ቀኑን ሙሉ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው ስለሚሠሩ ቀለም ቀቢዎች። እነሱም ማንኪያ ሲያነሱ እጃቸው ይደነዝዛል። ስለ ገንዘቡ የምትለው የላትም። ስትራስበርግ ሳይፈልግ የቀረ የመሰለው ሰው ካለ ግን ተሳስቷል አለች።

ከዚህ መልስ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ማንም አልጻፈም።

22ኛው የሯጮቻችንን ነገር አነሣ። የማራቶን ሯጭ ከጫማ ኩባንያ ጋር ሲፈርም ብዙ ጊዜ ካልሮጠ ክፍያው የሚቀነስበት አንቀጽ አለ፤ ለቤዝቦል ወርዋሪ ለምን አይሆንም የሚል ነው። 23ኛው በአሜሪካን እግር ኳስም አብዛኛው ውል ሙሉ ዋስትና እንደሌለው አክሎ ያንን ሥርዓት አደነቀ። 24ኛዋ፣ የሒሳብ ባለሙያዋ፣ ሁለቱንም በቁጣ መለሰች። ጉልበቱ ሲያልቅ የሚጣል ሰው ያለበትን ሥርዓት ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ፣ ያውም ከኛ ሰው፣ አሳፋሪ ነው አለች። የቤዝቦል ተጫዋቾች ዋስትናውን ያገኙት በማኅበራቸው ጽናት ነው፤ ሯጮቻችን እንደዚያ ያለ ማኅበር ስለሌላቸው ማዘን እንጂ የእነሱን እጦት ለሌላው መመኘት አይገባም። ቃሏ ከባድ ነበር። ትክክል ናት።

25ኛው ስለ ማክስ ሸርዘር አስታወሰን። ናሽናልስ በ2015 ለሰባት ዓመት 210 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጡት ክፍያውን በ14 ዓመት ከፋፈሉት፤ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን፣ እስከ 2028። ሸርዘር ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት ሁለት ጊዜ እዚህ ወስዷል፣ በ2019ኙ ዋንጫም ነበረበት። ከቡድኑ ከሄደ ቆይቷል፤ ገንዘቡ ግን ይወጣል። ጸሐፊው ይህን ከዕቁብ ጋር አመሳሰለው፤ ክለቡ ዕጣውን በፊት በልቶ ቀሪውን ዘመን ይከፍላል። የሒሳብ ባለሙያዋ ተመልሳ በሸርዘር በኩል ከታየ ዕጣው መጨረሻ ላይ እንደወጣለት ሰው ነው አለች፤ ዘግይቶ የሚመጣ 15 ሚሊዮን ዛሬ ካለው ስለሚያንስ የውሉ እውነተኛ ዋጋ ከ210 በታች ነው። እዚህ ስለ ዕቁብ ብዙ ተባለ። የመጨረሻ ዕጣ የሚወስድ ሰው የሁሉ ባንክ ነው ያሉት ሰው አባባል ግን በአእምሮዬ ቀርቷል።

28ኛው ታላላቆቹን ደርድሮ ሊያሸንፈኝ መጣ። ግሬግ ማዱክስ በ1992 መጨረሻ ለአትላንታ ፈርሞ የሚቀጥሉትን ሦስት የሳይ ያንግ ሽልማቶች ጠቀለለ። ራንዲ ጆንሰን በ1998 መጨረሻ ለአሪዞና ፈርሞ አራት በተከታታይ ወሰደ፣ በ2001 ዋንጫ አመጣ። በትሕትና ያስታወስኩት፣ ማዱክስ የፈረመው አምስት ዓመት፣ ጆንሰን አራት መሆኑን ነው። የኔን ነገር ነው የመሰከረልኝ። ወዲያው ግን ሌላ ሰው ሲሲ ሳባቲያን ጠራብኝ፤ በ2008 ሰባት ዓመት በ161 ሚሊዮን ዶላር ለያንኪስ ፈርሞ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ ያመጣ፣ በ2025 የዝና አዳራሽ የገባ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

30ኛው የመኪና ማቆሚያው አዛውንት መልስ ነው። ጋሼ በዚህ ጊዜ ስለ 2012 ጠየቁን። በዚያ ዓመት ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፈው ነበር፤ ስትራስበርግ ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክንዱ እንዳይበዛበት ተብሎ 159 ኢኒንግ ከሲሶ ላይ ሳለ በመስከረም እንዲያርፍ ተደረገ። ጤነኛ ነበር። መወርወር ፈልጎ ነበር። ቡድኑ ያለ እሱ ገብቶ ወሳኙን አምስተኛ ጨዋታ 6 ለ 0 ከመራ በኋላ በሴንት ሉዊስ ተሸነፈ። አዛውንቱ ያን ሌሊት ከስታዲየሙ የሚወጣውን ሕዝብ ሲያስተናግዱ ማንም ሰው አላናገራቸውም፤ ሰዉ ቁልፉን ተቀብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። ጥያቄያቸው፣ ያ ሁሉ ቁጠባ ለማን ነበር የሚል ነው። ለክለቡ ከሆነ ክለቡ ዋንጫውን በ2019 አግኝቷል። ለልጁ ከሆነ ልጁ ክንዱን አላተረፈም።

31ኛው አመለካከቴን ለወጠው። ፒትስበርግ የሚኖር ሰው ነው፤ ስለ ፖል ስኪንስ ጻፈ። ስኪንስ በ2025 የሳይ ያንግን ሽልማት በሙሉ ድምፅ ሲወስድ የዓመቱ ደመወዙ 875,000 ዶላር ነበር። ሌላ ሰው፣ ስኪንስ መጀመሪያ ሲፈርም ያገኘውን 9.2 ሚሊዮንና ለወጣት ኮከቦች የሚከፋፈለውን ጉርሻ ጠቅሶ አረመው፤ እርማቱ ተገቢ ነው፣ ነገሩን ግን አያፈርሰውም። ወርዋሪ ነፃ የሚወጣው ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ክለቡ ከሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ሳይወርድ የፈለገውን ያህል ይከፍለዋል፣ በቀሪዎቹ በግልግል ትንሽ ትንሽ እየተጨመረለት ይሄዳል። ክንዱ ትኩስ የሆነበትን ዘመን በርካሽ ይሰጣል፤ ገበያው ሲከፈትለት ሠላሳ ዓመቱ ነው። እኔ ረጅሙን ውል ለወደፊት ሥራ እንደሚከፈል ዋጋ አድርጌ ነበር ያየሁት። ከፊሉ ያለፈ ዕዳ ነው። ስለዚህ አሁን የምለው፣ ነፃነቱን ከስድስት ወደ አራት ዓመት አውርዱት፣ ልጁ በ26 ዓመቱ የሚገባውን ያግኝ፣ ያኔ ማንም የ38 ዓመት ትከሻ ላይ አይፈርምም። የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት በታኅሣሥ 2026 ያልቃል፤ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ ያለበት ይህ ነው።

32ኛው ያማሞቶን ይዞ የመጣው ወጣት ነው። ቀድሞ ስለተናገረው ይቅርታ ጠየቀ፤ ይህን ሐሳብ ግን እደግፋለሁ አለ። 33ኛው ባለቤቶቹ በፍጹም አይቀበሉትም ሲል ቆረጠ። 34ኛው የቲኬት ዋጋ ይጨምራል አለ፣ 35ኛው የቲኬት ዋጋ የሚወሰነው በገዢ ብዛት እንጂ በተጫዋች ደመወዝ አይደለም ብሎ መለሰለት፣ ሁለቱ ብቻቸውን እስከ ሌሊት ሄዱ።

41ኛዋ እስካሁን ያልጻፈች እናት ናት። ስለ ውል አልጠየቀችም። የ14 ዓመት ልጇ ይወረውራል፤ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ጨዋታ ነበረው፣ እሷ በስልኳ ላይ ቆጥራ 112 ኳስ ደረሰ። ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ክርኑን ይዞ ቆመ። ሲጠየቅ ምንም አይደለም ይላል። አሠልጣኙ ጎበዝ ልጅ ስለሆነ ነው ይላታል። ለማን ይነገራል አለች።

የክሊኒኳ ባለሙያ በደቂቃዎች ውስጥ መለሰች። በ13 እና በ14 ዓመት ዕድሜ ላለ ልጅ የሊጉና የአገሪቱ የቤዝቦል ማኅበር ያወጡት መመሪያ በአንድ ቀን ከ95 ኳስ አያሳልፍም፤ 66 ከደረሰ አራት ቀን ሙሉ ማረፍ አለበት፤ ከ51 እስከ 65 ከሆነ ሦስት ቀን። ይህን አትማ ለአሠልጣኙ እንድትሰጥ፣ ልጁንም ከሁሉ በፊት ሐኪም እንዲያየው አጥብቃ ነገረቻት። አዛውንቱ ደግሞ በእጅ የሚጫን መቁጠሪያ እንድትገዛ መከሯት፤ እሳቸው መኪና ሲያስገቡ የሚይዙት ዓይነት፣ ስልክ በመሐል ይደወላል ብለው።

ሐኪሙ ልጁን ሦስት ሳምንት አሳረፈው። ከዚያ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጨዋታ ማግስት እናቱ ተመልሳ ጻፈች፤ 46ኛው መልስ ነው፣ እስካሁንም የመጨረሻው። ወረቀቱን ሰጥታለች። በአምስተኛው ኢኒንግ መቁጠሪያው 58 ሲል አሠልጣኙ ወደ ጉብታዋ ሄደ፤ ልጁ ኳሷን ሊሰጠው አልፈለገም፣ ከዚያ ሰጠው። በመኪና ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አላናገራትም። ቤት ሲገቡ ቦርሳውን ያወረደው በቀኝ እጁ ነው።